ላብ ለካን ማለት ደም ለካን ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው። 22 ዓመቴ ነው፤ እሮጣለሁ። ረጅም ልምምድ ስንሠራ ጥቁር ቲሸርቴ ላይ ጨው ነጭ ሆኖ ይደርቃል። መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ባቴን ይሸመቅቀኛል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ክንድ ላይ የሚለጠፍ፣ የላብ ሶዲየምና ፖታሲየም እየለካ ወደ ስልክ የሚያሳይ ፕላስተር ልላክልህ ብሎኛል። "ባዮኮምፓቲብል" ስለሚል ለቆዳም ለምንም ችግር የለውም አለኝ። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አሰብኩ። አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። ለልባቸው ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ይወስዳሉ። ሐኪማቸው በየወሩ ደም እየሰጡ ፖታሲየማቸውን እንዲታዩ አዘዋቸዋል። አዲስ አበባ ደርሰን ስንመለስ ቀኑ ያልቃል። ይሄ ፕላስተር ለእሳቸውም አይሆንም? አንድ ዕቃ ለሁለታችን ቢበቃ ትልቅ እረፍት ነበር።»

ምላሽ፦ ከአባትህ ልጀምር። ያንተ ጉዳይ ሊቆይ ይችላል፤ የእሳቸው አይቆይም። መልሱ አይሆንም ነው። ላብ የሚለካ ፕላስተር የአባትህን የደም ምርመራ አይተካም። «አንዱን ወር በፕላስተር፣ ሌላውን ወር በደም እናድርገው» የሚል ሐሳብ ካለህም ተወው።

ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ልብን የሚያግዙ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም ኩላሊት ፖታሲየምን እንደ ልቡ እንዳያስወጣ ያደርጉታል። አብረው ሲወሰዱ ይሄ ነገር ይበረታል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል ገደማ ፖታሲየም አለ። ከ6 ሲያልፍ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ሰውየው ምንም ሳይሰማው እዚያ ሊደርስ መቻሉ ነው። ሐኪሙ በየወሩ ደም ስጡ ያሏቸው ሊያመላልሷቸው ፈልገው አይደለም።

ብዙ ሰው ላብን እንደ ቀጠነ ደም ነው የሚያስበው። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የላብ ዕጢ ሥሩ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ ነው። ከሥር የሚመነጨው ፈሳሽ የጨው መጠኑ ለደም የቀረበ ነው። ወደ ቆዳ እየወጣ ሳለ ግን የቱቦው ግድግዳ ብዙውን ሶዲየምና ክሎራይድ ለቅሞ ወደ ሰውነት ይመልሰዋል። ሰውነት ጨው አያባክንም። ስለዚህ የደም ሶዲየም ከ135 እስከ 145 ባለች ጠባብ ክልል ውስጥ ሲቆይ፣ የላብ ሶዲየም ከ10 እስከ 90 ሊዋዥቅ ይችላል። ቀስ ብለህ ስትሮጥ ፈሳሹ ቱቦው ውስጥ ስለሚቆይ ጨዉ ይለቀማል። ፍጥነት ስትጨምር ላቡ ሳይለቀም ያመልጣል። ደምህ ውስጥ ምንም ሳይለወጥ ፕላስተሩ ላይ ያለው ቁጥር ሲወጣ ታያለህ። ያ ቁጥር ስለ ላብህ ፍጥነት እንጂ ስለ ደምህ አይናገርም።

ፖታሲየም ላይ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። የላብ ፖታሲየም የደሙን ተከትሎ አይወጣም፣ አይወርድም። በዚያ ላይ ከቆዳው የላይኛው ንብርብር፣ ከሞቱት ሴሎች እየሟሟ የሚገባ ፖታሲየም አለ። ፕላስተር ቆዳውን አፍኖ ሲያረጥበው ይሄ ይጨምራል። አባትህ ፕላስተሩን ቢለጥፉ የሚታየው ቁጥር ከፊሉ የክንዳቸው ቆዳ ታጥቦ የወጣ ነው። ደግሞስ ላብ ከየት ይመጣል? የልብ ሕመምተኛን ለመለካት ብለን በሱሉልታ ብርድ አናስሮጥም።

«ስኳር የሚለካው ክንድ ላይ ተለጥፎ ይሠራ የለ?» ትል ይሆናል። ይሠራል። እሱ ግን ላብ አይለካም። ቆዳ ሥር የምትገባ እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር አለችው። የምትለካው በሴሎች መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ያ ፈሳሽ ለደም ቅርብ ነው፤ የሚዘገየው በደቂቃዎች ብቻ ነው። በዚያው መንገድ በጥቃቅን መርፌዎች ፖታሲየም ለመለካት የሚሠሩ ተመራማሪዎች አሉ። ተስፋ የማደርገውም ከዚያ በኩል ነው። ግን ለአባትህ የዛሬ ችግር የሚደርስ አይደለም።

አሁን ወደ ሴንሰሩ ራሱ እንግባ። ሥራዬ ስለሆነ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሠኝ። አዮን የሚለካው ሴንሰር ቀጭን የፕላስቲክ ገለፈት ነው። ገለፈቱ ውስጥ አንዱን አዮን ብቻ መርጦ የሚይዝ ሞለኪውል አለ። አዮኑ ሲያዝ ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል። እኛ የምናነበው ያንን ግፊት ነው። የሚገርምህ፣ የአባትህን ደም የሚመረምረው የላቦራቶሪ ማሽን ውስጥም ያለው በመሠረቱ ይኸው ዓይነት ሴንሰር ነው። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ማሽኑ የጨው መጠናቸው በታወቀ ፈሳሾች በየጊዜው ራሱን ያስተካክላል። ሙቀቱ የተጠበቀ ነው። የሚሰጠው ናሙናም ምን እንደሆነ ይታወቃል። ክንድ ላይ የተለጠፈው ከእነዚህ አንዱም የለውም። ይንቀጠቀጣል፣ ይሞቃል፣ ይበርዳል፤ የሚያርመውም የለም።

ቁጥሩ ነገሩን ያሳይሃል። የአዮኑ መጠን አሥር እጥፍ ሲሆን የሚጨምረው ግፊት 60 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ 50 ሚሊሞል ሶዲየም ያለው ውሃ በብርጭቆ አድርጌ፣ ከውጭ የመጣ የሙከራ ሴንሰር ነክሬበት ተቀመጥኩ። መጀመሪያ 50 አነበበ። ደስ አለኝ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ያው ውሃ፣ ያው ብርጭቆ፣ 58 ይላል። ማንም ጨው አልጨመረበትም። ገለፈቱ ሥር ውሃ ሰርጎ 4 ሚሊቮልት ያህል ሸርተት ብሎ ነው። ለሯጭ ላብ 50ውም 58ቱም ያው ነው፤ ምንም አይጎዳህም። ያንኑ 4 ሚሊቮልት ወደ ደም ፖታሲየም ስንወስደው ግን 5.0 የነበረው 5.8 ሆኖ ይነበባል። በተቃራኒው ሲንሸራተት ደግሞ 5.8 የደረሰ ሰው 5.0 ነው ተብሎ ቤቱ ይተኛል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ላብ ለምርመራ ጨርሶ አይረባም እያልኩህ ግን አይደለም። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ የሚለየው በላብ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ ከባድ ሙቀት ሲመጣ ይህ በሽታ ያለባቸው ሕፃናት ፈሳሻቸው እያለቀ ሆስፒታል ሲገቡ ሐኪሞች አዩ። ላባቸው ሲመረመር ጨው የበዛበት ሆኖ ተገኘ። እስከ ዛሬ ድረስ የላብ ክሎራይድ በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ የበሽታው ማረጋገጫ ተደርጎ ይያዛል። እዚያ ላይ ላብ የሚሠራው በሽታው ራሱ ያለው የላብ ቱቦው ላይ ስለሆነ ነው። የአባትህ ጉዳይ ያለው ኩላሊትና ደም ላይ ነው።

የፕላስተሩ ወሬ የሞቀውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በርክሌይ የሚገኙ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላክቴት (ጡንቻ ሲሠራ የሚፈጠር ንጥረ ነገር)፣ ግሉኮስ፣ ሶዲየም፣ ፖታሲየምና የቆዳ ሙቀት ባንድ ላይ የሚለካ አምባር መሰል መሣሪያ ይፋ አደረጉ። ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን «ላብ ውስጥ ያለውን በትክክል ለካን» ማለትና «ከላቡ የሰውየውን ጤና አወቅን» ማለት በጣም የተራራቁ ናቸው። ማስታወቂያው ሁለቱን ያቀላቅላቸዋል።

«ባዮኮምፓቲብል» የምትለዋን ቃል እንያት። ከሰውነት ጋር የሚስማማ ማለት ነው። ሰው ሲሰማት «ጉዳት የለውም» ብሎ ይወስዳታል። ቃሉ ያለ ሁለት ጥያቄዎች ትርጉም የለውም፦ የት ቦታ? ለምን ያህል ጊዜ? የሕክምና መሣሪያዎች የሚመዘኑበት ዓለም አቀፍ መስፈርት አይኤስኦ 10993 ይባላል። እሱም የሚለየው እንዲሁ ነው። ያልተቆረጠ ቆዳ ላይ ከ24 ሰዓት በታች የሚቆይ ነገር ሌላ፣ እስከ 30 ቀን የሚቆይ ሌላ፣ ቆዳ ሥር የሚገባ ደግሞ ሌላ ነው። ለአንድ የሩጫ ልምምድ የተፈተነ ፕላስተር ለሳምንት ይለጠፍ ማለት አይደለም።

ፖታሲየም የሚይዘው ሞለኪውል ብዙ ጊዜ ቫሊኖማይሲን ነው። ከባክቴሪያ የተገኘ ነገር ነው። ወደ ሴል ከገባ መርዝ ነው። ገለፈቱን የሚያለሰልሰው ኬሚካልም ቀስ እያለ ሊወጣ ይችላል። ለዚህ ነው በደንብ የተሠራ ፕላስተር ላቡን በቀጭን ቦይ ወስዶ ከቆዳው ርቆ የሚለካው፤ ገለፈቱ ቆዳ አይነካም። አብዛኛውን ጊዜ ቆዳን የሚያስቸግረው ግን ሴንሰሩ ሳይሆን ሙጫው ነው። ስኳር የሚለኩ ሴንሰሮች ላይ ኢሶቦርኒል አክሪሌት የሚባል የሙጫ ኬሚካል ብዙ ሰው ላይ አለርጂ እንዳመጣ በ2017 እ.ኤ.አ. ታውቋል። መሣሪያዎቹ ፈቃድ ያላቸው ነበሩ። ከዚያም በፊት ግሉኮዋች (GlucoWatch) የተባለ ሰዓት ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ከቆዳ ፈሳሽ እየሳበ ስኳር ይለካ ነበር። ብዙ ተጠቃሚ ቆዳው እየቀላና እያቃጠለው ተቸገረ፤ ሰዓቱም ከገበያ ወጣ። ስለዚህ ፕላስተር ከለጠፍክ በኋላ ቦታው ከቀላ፣ ካሳከከህ ወይም ውኃ ከቋጠረ አንሣው። «ባዮኮምፓቲብል ነው» ብለህ አትታገሥ። አንድ ጊዜ አለርጂ የፈጠረብህ ሙጫ በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ነው የሚነሣብህ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ሁለት ነገር ላስተካክልልህ። ቲሸርትህ ላይ ነጭ ጨው መታየቱ ብቻውን ጨው የምታበዛ ሰው መሆንህን አያሳይም። ሱሉልታ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ ነፋስ አለው። ላቡ ቶሎ ይደርቅና ጨዉ ይቀራል። ጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ትንሹም ይጎላል። ሁለተኛው የባትህ ነገር ነው። ሯጭ ሁሉ ክራምፕ ሲይዘው ጨው አለቀብኝ ይላል። ክራምፕ የያዛቸውና ያልያዛቸው ሯጮች ደም ሲወዳደር ግን ሶዲየማቸው ያን ያህል አይለያይም። ነገሩ በይበልጥ የሚያያዘው ከጡንቻ ድካም ጋር ነው፤ ካልለመድከው ፍጥነትና ርቀት ጋር። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚይዝህ ከሆነ የልምምድ መጠንህን ከአሠልጣኝህ ጋር ተነጋገርበት። እስከዚያ ሲይዝህ ቆም ብለህ ባትህን ሳብ አድርገው።

ያንተን ላብ በተመለከተ ማወቅ ያለብህ ትልቁ ነገር ምን ያህል ሊትር እንደምታጣ ነው። ለዚህ ፕላስተር አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል። እስከ 100 ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን ይሁን። ከልምምድ በፊት ሽንትህን ሸንተህ፣ ልብስህን አውልቀህ ተመዘን። ስትመለስ ላብህን ጠራርገህ እንደገና ተመዘን። የጠጣኸውን ደምርበት። 58.4 ኪሎ ወጥተህ 57.3 ብትመለስ፣ በመሀል 300 ሚሊ ሊትር ጠጥተህ ከሆነ፣ ያጣኸው 1.4 ሊትር ያህል ነው። ላብህ መካከለኛ ከሆነ፣ ማለትም በሊትር 40 ሚሊሞል ሶዲየም ካለው፣ የወጣው ጨው 3.3 ግራም ገደማ ነው። ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ይበልጣል። ይሄን በደንብ የጨው ጣዕም ያለው ሽሮና እንጀራ ይመልስልሃል። ከልምምድ በኋላ በሶህ ላይ ቁንጥር ጨው ብታክልም ችግር የለውም። ኪኒን አያስፈልግም።

ከጨው ማነስ ይልቅ የምፈራልህ ውኃ ማብዛትህን ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን ላይ ደማቸው የተመረመረ 488 ሯጮች ነበሩ። 13 በመቶዎቹ ሶዲየማቸው 135 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ ተገኘ። ከምንም በላይ ከዚህ ጋር የተያያዘው ሩጫው ላይ ክብደት መጨመር ነበር። ጠጥተው ጠጥተው ከተነሡበት ክብደት በላይ ሆነው ጨርሰዋል። ይሄ ይገድላል። ከሩጫ ስትመለስ ሚዛኑ ከመነሻው ከበለጠ በሚቀጥለው ቀንስ። የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር ሲመጣ ደግሞ ውኃ አትጨምር፤ ሐኪም ጋ ሂድ።

ፕላስተሩ ላንተ የሚጠቅምበት አንድ ቦታ አለ። ጨው በጣም ከሚያበዙት ወይስ ከሚያሳንሱት መሆንህን በግምት ይነግርሃል። ሞቃት አገር ለማራቶን የምትሄድ ከሆነ ይሄ ዋጋ አለው። ወንድምህ አልሰማም ካለ ለአንድ ጊዜ የሚሆኑትን ሁለት ሦስት ይላክ። በደንብ የሚያልብህ ረጅም ልምምድ ላይ፣ ቆዳህን በውኃ አጥበህ አድርቀህ፣ ቅባት ሳትቀባ ለጥፍ። የክንድ ላብ ከመላ ሰውነት ላብ ይልቅ ጨው ይበዛበታል፤ መተግበሪያው ይሄን ካላረመ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ይላል። በሱሉልታ ጠዋት ብርድ ያገኘኸውን ቁጥር ደግሞ ዱባይ ላይ አትጠቀምበት። እዚያ የላብህ ፍጥነት ሌላ ነው። ሙቀቱን ከለመድክ በኋላ ደግሞ ሰውነትህ ጨው መቆጠብ ስለሚጀምር እንደገና ይለወጣል።

ወደ አባትህ ልመለስ፤ የቀን ጉዞውን ማሳጠር ባልችልም ከንቱ እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል። ከዓመታት በፊት ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ትንሽ ክሊኒክ የመጣ የአንዲት ሴት የደም ቱቦ አስታውሳለሁ። ጠዋት ተቀድቶ፣ ሳይጣራ በረዶ ላይ ሆኖ፣ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰው። ፖታሲየሙ 6.4 አለ። መድኃኒቱ ሊቋረጥ ነበር። ሴትየዋ መጥተው እዚያው ሲቀዱ 4.6 ሆነ። ደም ሲቀዘቅዝ ሴሎቹ የያዙትን ፖታሲየም ይለቃሉ፤ ቱቦውን ስታየው ግን ምንም አይታወቅም። ስለዚህ አባትህ ደም የሚሰጡት ምርመራው የሚሠራበት ላቦራቶሪ ራሱ ሄደው ይሁን። ሱሉልታ ተቀድቶ ይላክ ካላችሁ፣ ደሙ እዚያው በማሽን ተሽከርክሮ ይለይ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ክንዳቸው ሲታሰር ጡጫቸውን እየጨበጡ አይፍቱ፤ እሱም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ፖታሲየሙን ብቻ ሳይሆን ክሪያቲኒኑንም (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳየውን) አብረው ይታዩ። ውጤቱን ከነቀኑ አንድ ደብተር ላይ ጻፈው። ሐኪሙ ደብተሩን አይተው ተረጋግቷል ካሉ ቀጠሮውን ሊያራርቁት ይችላሉ። የጉዞው መፍትሔ የሚመጣው ከዚያ ነው። ይሄን የሚወስኑት ግን ሐኪሙ እንጂ አንተም እኔም አይደለንም።

ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዛቸው ዕለት ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያኑ ቀን ወደ ሐኪማቸው ደውል። ሰውነታቸው ከዛለ፣ እግራቸው ከከዳቸው፣ የልብ ምታቸው ከዘገየ ወይም ከተዘበራረቀ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው። ለወገብና ለጉልበት ብለው ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ ገዝተው እንዳይወስዱ። ከእነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ጋር ኩላሊትን ይጎዳል፤ ፖታሲየምም ይጨምራል።

ምክሬ ይሄ ነው። ፕላስተሩ ይቅር። ወንድምህ ያንን ብር አባትህ በወር አንድ ቀን ኮንትራት ይዘው አዲስ አበባ ደርሰው እንዲመለሱና ለላቦራቶሪው ይላከው። ላንተ ሚዛን ይበቃሃል። ከውጭ ዕቃ ሲላክ ደግሞ ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። ያንተ የስፖርት ዱቄትና ኪኒን ውስጥ ፖታሲየም ሊኖር ይችላል፤ «ያበረታዎታል» ብለህ ለአባትህ እንዳትሰጥ። ሌላው ለደም ግፊት ጥሩ ነው እየተባለ የሚላከው ሶዲየም የሌለው ጨው ነው። የማሸጊያውን ጀርባ አንብብ። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚል ካየህ የእሳቸው ወጥ ውስጥ አይግባ።